ባዶ ወንበር ይዛችሁ አትጓዙ

ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ከዓለም ባንክ ሠፈር ወደ አየር ጤና፣ ከዚያም ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ዳር ቁሙና መኪናውን ትታችሁ ወንበሩን ቁጠሩ። ቪትዟ ውስጥ ሹፌሩ ብቻ አለ፤ አራት ወንበር ባዶ። ከኋላዋ ያለው ግዙፍ ላንድክሩዘርም አንድ ሰው ይዞ ያጓራል፤ የቀረው ወንበር ሁሉ አየር ጭኗል። ቀጥሎ ሚኒባሱ ይመጣል። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራት ሰው፣ ወያላው በሩ ሥር ጎብጦ ሒሳብ እየሰበሰበ። ሁሉም በአንድ ሰልፍ፣ በእኩል ፍጥነት፣ ማለትም በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ያላችሁት እናንተ፣ ጉልበታችሁ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተላትሞ፣ ወደ ቪትዟ እያያችሁ «እኔስ መቼ ነው የምገላገለው» ማለታችሁ አይቀርም። ምኞት አይከለከልም። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ የዓለም መንግሥታት በየጉባኤው ተሰብስበው ሕዝባቸውን ሊያስተምሩ የሚደክሙበትን ነገር እናንተ ቁርስ እንኳ ሳትበሉ ፈጽማችሁታል። ስለዚህ ደረታችሁን ነፋ አድርጉ፤ ቦታ ካለ።

ጉዞ ይቅርባችሁ ልላችሁ አልመጣሁም። ዘመድ መጠየቅ፣ ንግሥ መድረስ፣ አገር ማየት የሰው ወግ ነው፤ ያለ እሱ ዕድሜ ቤትና ሥራ ቦታ መሃል ያልቃል። የምለው አጭር ነው፦ ከመንገድ የሚወጣውን ጭስ የሚያበዛው ባዶ ወንበር ነው። ወንበሩን ሙሉት፤ ከዚያ ከፈለጋችሁ እስከ ጅማ ሂዱ፣ ከፈለጋችሁ እስከ ድሬዳዋ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ከባድ አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎ ገደማ። ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ታዲያ ትርፉ ክብደት ከየት መጣ የሚል ብልህ አንባቢ አይጠፋም። ከአየር ነው። በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከምንተነፍሰው አየር ላይ ኦክሲጅን እየወሰደ ይጣመራል፤ ሁለቱ አብረው በጭስ ማውጫው ይወጣሉ። ዓይን አያየውም፣ አፍንጫም አይለየውም። ጥቁሩ ጭስ ሌላ ጣጣ ነው፤ እሱን ሳንባችን ያውቀዋል።

አሁን ከአየር ጤና መናኸሪያ ተነስተን ጅማ እንሂድ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የቤት መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይጠጣል እንበል። ጅማ ሲደርስ 28 ሊትር አቃጥሏል፤ 64 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ብቻችሁን ከሄዳችሁ 64ቱም ኪሎ የእናንተ ነው። አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ለእያንዳንዳችሁ 16 ኪሎ ይደርሳችኋል። መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ጨዋታው ግን የአራት ሰው። በአውቶቡስ ብትሄዱስ? 45 ሰው የጫነ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 33 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ፣ ጅማ እስኪገባ 115 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለ45 ስታካፍሉት የነፍስ ወከፍ ድርሻው 7 ኪሎ ብቻ ነው። ከ64 ወደ 7! እንዲህ ያለ ቅናሽ በየትኛውም ሱቅ አይገኝም፤ በዚያ ላይ ትኬቱ ከነዳጁ ይረክሳል።

«እኛ ድሆቹ ምን አጠፋንና ነው?» የሚለውን ጥያቄ አልሸሸውም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከነዳጅና ከመሰል ነገሮች ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኢትዮጵያዊ የዓመት የነፍስ ወከፍ ድርሻ ከሩብ ቶን በታች ነው። የዓለም አማካይ ከ4 ቶን በላይ ነው። ዓለምን ያሞቃት የዓለም ባንክ ሠፈር ሚኒባስ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በሌላው ዕዳ ተሸማቅቃችሁ አትጓዙ፤ መሸማቀቅ ማንንም አሻሽሎ አያውቅም።

ግን ጥቅሙን ተመልከቱ። ባዶ ወንበር ከመሙላት የምታገኙት ነገር በመጀመሪያ ወደ ገዛ ኪሳችሁ ነው የሚገባው፤ ከዚያ ወደ ልጆቻችሁ ሳንባ፣ ከዚያ ወደ አገሪቱ ካዝና። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በ2016 ዓ.ም. እንደተናገሩት አገሪቱ በአንድ ዓመት ለነዳጅ ያወጣችው ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነው። መድኃኒትና ማዳበሪያ የሚገዛበት ዶላር ነው በየመብራቱ ቆመን የምናቃጥለው። ፕላኔቷን ለማዳን ብላችሁ ባትነሱ እንኳ ለገንዘባችሁ ብላችሁ ተነሱ፤ ፕላኔቷ ምክንያታችሁን አትጠይቅም።

ደግሞ ደስ የሚለው ነገር፣ ይህን ጥበብ ከውጭ መማር አያስፈልገንም። ኮልፌ ቀራንዮ ያደገ ሰው መስከረም ሲጠባ አየር ጤና መናኸሪያ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ጉራጌው ለመስቀል ወደ አገር ቤት ይነሳል። ሱቅ ይዘጋል፣ ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለልጆች ጫማ ይሸመታል፤ ያልሄደ ሰው ምክንያቱን ሲያስረዳ ይከርማል። ለዐረፋ ደግሞ የስልጤውና የጉራጌው ሙስሊም ተራ ነው፤ ወደ ወራቤ፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣው መንገድ ጢም ይላል። ማንም «ካርቦን ልቀንስ» ብሎ አልተነሳም። ግን በዚያ ሰሞን አንድ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ቁጠሩ፤ አጎት ከነልጆቹ፣ የሠፈር ልጅ፣ ለመንገድ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽ። አንድም ባዶ ወንበር የለም።

ዕድሮቻችንንም አትርሱ። ገጠር ቀብር ሲኖር አውቶቡስ ይከራያሉ፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይሄድም፣ ነዳጁም ለአንድ ሰው አይነድም። የየደብሩ የጉዞ ማኅበራትም እንዲሁ ናቸው። ከወር በፊት ይመዘግባሉ፣ ሌሊት ያስነሳሉ፣ መዝሙሩ ከከተማ ሳይወጣ ይጀመራል፣ ወንበር የተረፈ እንደሆነ አስተባባሪዋ እስከ መጨረሻው ሰዓት ስልክ እየደወለች ትሞላዋለች። እኔ በበኩሌ ከእነዚህ አስተባባሪ እናቶች የበለጠ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አላየሁም፤ እንዲህ ብላቸው ግን ይስቁብኛል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ችሎታ ለበዓልና ለሐዘን ብቻ ለምን እንቆጥበዋለን? ለተራ ቅዳሜስ? ከሠፈራችሁ ወደ ወሊሶ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡታጅራ በየሳምንቱ መኪናውን አስነስቶ ብቻውን የሚሄድ ሰው አለ፤ ለሥራ፣ ለእርሻ፣ ለሽማግሌ ወላጅ። እሱ አንደኛውን መስመር ሲይዝ እናንተ ደግሞ በሌላ መኪና ብቻችሁን ከኋላው ትከተሉታላችሁ። ሁለታችሁ ጎረቤቶች ናችሁ፤ የምትተዋወቁት ግን በጥሩምባ ነው። ነገ ጠዋት ሰላም በሉትና መቼ መቼ እንደሚሄድ ጠይቁት። በየተራ መንዳት፣ ነዳጅ መጋራት፣ መንገድ ላይ ማውራት። የጎረቤት መኪና ውስጥ የሚወራ ወሬ በቴሌግራም አይገኝም።

መኪና ላላችሁ ሰዎች እግረ መንገዴን ጥቂት ልበል። ጎማ አየር ሲጎድለው ሞተሩ ይለፋል፤ ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ጎሚስታ ዘንድ ጎራ በሉ። ባዶውን ፖርቶመጋላ ዓመቱን ሙሉ ተሸክማችሁ አትዙሩ፤ ነፋስ እየገፋ ነዳጅ ያስበላችኋል። በመቶ የሚነዳ ሰው መቶ አርባ ከሚነዳው ያነሰ ነዳጅ ይጨርሳል፤ በሕይወት የመድረስ ዕድሉም ይሰፋል። ሰው ስትጠብቁ ሞተር አጥፉ። በአገር አቋራጭ መንገድ ላይ ጠዋት በጊዜ የተነሳ ሰው የከተማ መውጫውን መጨናነቅ ያመልጣል፤ ይህን ግን የኛ ሰው ድሮም ያውቃል፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ የሚገኘው በከንቱ አይደለም።

አውሮፕላን ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በአየር መንገዳችን እንኮራለን፣ መኩራታችንም ተገቢ ነው። ቢሆንም ቁጥሩ አይዋሽም። የእንግሊዝ መንግሥት በየዓመቱ በሚያወጣው ሠንጠረዥ፣ አንድ መንገደኛ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአገር ውስጥ በረራ 250 ግራም ገደማ፣ በረጅም ርቀት አውቶቡስ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ይመዘገብበታል። ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ስትሄዱ ጊዜ ካላችሁ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ አውቶቡሱ ይሻላል። «መንገዱም ሰላም ከሆነ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በዚህ ዘመን ለደኅንነቱ ሲል አውሮፕላን የመረጠ ሰው በእኔ ዘንድ አይወቀስም፤ ካርቦን ከነፍስ አይበልጥም። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱን አጣሩ፣ ከዚያ ወስኑ።

ውጭ ላላችሁ ወገኖቻችንም አንድ ቃል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ የመመለስ በረራ ለአንድ መንገደኛ ከ1 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስመዘግባል፤ እዚህ ያለው ዘመዳችሁ በዓመታት ውስጥ የማያወጣው ነው። አትምጡ ብዬ ይህን ብናገር እናቶቻችሁ በቆመጥ ያባርሩኛል። ኑ! ግን ስትመጡ ቆዩ። ሰኔ ላይ ለሠርግ አሥር ቀን፣ ጥር ላይ ለጥምቀት አሥር ቀን ከመመላለስ ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ ወር ተኩል ክረሙ። የሠርጉን ቀን የሚቆርጡት ዘመዶቻችሁ ናቸው፤ ቀድማችሁ ብታነጋግሯቸው ወደ ጥር ያመጡላችኋል፣ ጥር ድሮም የሠርግ ወር ነው። ቲኬቱ አንድ፣ ናፍቆቱ ግን በደንብ ይወጣል።

ድሬዳዋ መሄድ ለሚያምረው ሰው ደግሞ የተለየ ምርጫ አለ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። መነሻው ፉሪ ለቡ ነው፤ ለምዕራብና ለደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ ሰው ደግሞ ከቦሌ ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነው። የጉዞ ቀኖቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በየቀኑ በፈለጉት ሰዓት የሚገኝ ታክሲ አይደለም። በተለይ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የምትሄዱ ሰዎች፣ ስለትን ይዞ በመስኮት አዋሽን እያዩ መሄድ ራሱ የበዓሉ አካል ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ካነሳን፣ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ልቡ ሊሞላ ይገባዋል። በብዙ አገር ኤሌክትሪክ ባቡር የሚነዳው በድንጋይ ከሰል በሚመነጭ ኃይል ነው፤ ጭሱ ከከተማ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይጨሳል እንጂ አይጠፋም። የኛ ኃይል ግን አብዛኛው ከውኃ ነው። ኦሞ ላይ የተገነባው ግልገል ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለግድቡ ቦንድ ገዝታችኋል፤ ከደመወዝ ተቆርጦባችኋል። እንግዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ላይ በወጣችሁ ቁጥር በገዛ ግድባችሁ ነው የምትጓዙት።

ለዓለም ባንክ ሰው ይህ ዕድል ጦር ኃይሎች ላይ ይጀምራል። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ አለው፤ ምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች ያበቃል። ለእኛ ግን እዚያ ይጀምራል፤ ያውም ባዶ ባቡር ውስጥ ገብቶ ወንበር የመምረጥ ክብር ከነሙሉ መብቱ የኛ ነው፤ ልደታና ሜክሲኮ ላይ የሚገባው ይቁም። የባቡሮቹ ቁጥር በመለዋወጫ እጥረት መመናመኑን፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓትም የሚደረገውን ግፊያ ታውቁታላችሁ፤ አልደብቀውም። ቢሆንም ከመገናኛ፣ ከሲኤምሲ ወይም ከአያት በኩል ጉዳይ ሲኖራችሁ እስከ ጦር ኃይሎች በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር ብትሄዱ የመንገድ መዘጋጋት አይመለከታችሁም።

መኪና ልትገዙ ያሰባችሁም አላችሁ፤ ገንዘብ መሰብሰብ ነውር አይደለም። መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ስለዚህ አዲስ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ለከተማ ጥሩ ነው። ለረጅም መንገድ ግን ቻርጅ ማድረጊያው ከአዲስ አበባ ውጭ ገና ስስ ስለሆነ መስመራችሁን አስቀድማችሁ አጥኑ። ደግሞ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያለበት የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን መንገዱን የሚይዘው በዚያው ስፋት ነው፤ አየር ጤና ላይ ሚኒባሱን ከማስቆም አያድነውም።

ከሁሉ የረከሰው ደግሞ እግር ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ ያም ሆኖ መንገዱ ለረጅም ዘመን የተሠራው ለጎማ ነበር። ኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ዋና ዋና ጎዳናዎች ለእሑድ ጠዋት ከመኪና ነፃ መሆን ሲጀምሩ ስንቱ ሰው ነው ከተማውን እንደ አዲስ ያየው። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር እግረኛንና ብስክሌተኛን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ማየት ጀምረናል። የታክሲ ሰልፉ ተጠማዝዞ መጨረሻው የጠፋ ቀን፣ ከመቆም እስከ አየር ጤና በእግር አዝግሙ። ሰልፉ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ያው ነው፤ ልዩነቱ በእግር ስትሄዱ ልባችሁ መሥራቷ ነው።

ስንቅም የጉዞ ጥበብ ነበረች፤ አሁን ረስተናታል። አያቶቻችን በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ ይዘው ነበር አገር የሚያቋርጡት፤ አይበላሽም፣ አይፈስም፣ የሚጣል ነገር የለውም። ዛሬ አንድ አውቶቡስ ምሳ ሰዓት ላይ ቆሞ ሲነሳ ከኋላው የሚተወው ሃይላንድና ፌስታል ለአንድ ቀበሌ ይበቃል። ፌስታልን የሚከለክለው ሕግ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ሕጉ እናንተን ሳያገኛችሁ እናንተ ቀድማችሁት የቆሎ ከረጢት ስፉ። ውኃውን በሚሞላ ኮዳ ያዙ። ፕላስቲክ የሚሠራው ከነዳጅ ነው፤ የጠርሙሱ ጉዞ ከእናንተ ጉዞ በላይ ረጅም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደምወደው ነገር መጣሁ፤ ወደ ቅርብ አገር። ብዙ ሰው «አገር ልይ» ሲል ዓይኑ አውሮፕላን ላይ ያርፋል። እኛ ደግሞ የከተማዋ ምዕራብ ጫፍ ላይ ሆነን ጀርባችንን ለወጨጫ ሰጥተን እንኖራለን። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ወገቡ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገርለታል። ደን ማልማት ከትናንት ወዲያ የጀመርነው ለሚመስለው ሰው ይህን ንገሩት። ሰማይ የሚነኩ ጽዶች፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ቅርንጫፍ ላይ የሚዘል ጉሬዛ፣ ዕድል ካላችሁ የምኒልክ ድኩላ፤ ይህ ሁሉ ከሰበታ በኩል ነው። ከሠፈራችን ተነስቶ ለምሳ መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን ቆሎ ይዛችሁ ውላችሁ እንድትመለሱ እመክራለሁ።

ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ ከታጠፋችሁ ደግሞ መንገዱ ራሱ ሙዚየም ነው። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ የጥንት ሰው በአዋሽ ዳር ለሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረበት ስፍራ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው አካባቢ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች፤ ላሊበላን ላላየ ሰው የመጀመሪያ ትምህርት፣ ላየም ሰው አዲስ ነገር። ወደ ፊት ሲቀጥሉ ጢያ። በ1972 ዓ.ም. የተመዘገበው ይህ ስፍራ ጎራዴ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ቆመው የሚታዩበት ነው። ሁሉም ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ በአንድ መስመር ላይ። ከዓለም ባንክ ጠዋት የወጣ ቡድን ሦስቱንም አይቶ ማታ እቤቱ ራት ይበላል። አንዳንዱ ሰው ግን ድንጋይ ለማየት ውጭ አገር ሄዶ በስልኩ ፎቶ ያሳየናል።

ራቅ ማለት ካማራችሁ ወንጪ አለች። በጅማው መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ወሊሶ፣ ከዚያ ወደ ላይ። እሳተ ገሞራ የተወው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ መሃሉ ላይ ደሴትና ገዳም። በዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። እዚያ ስትደርሱ መኪናውን አቁሙትና ከአካባቢው ሰው ፈረስ ተከራዩ፣ ወይም በእግር ውረዱ። ገንዘቡ ከነዳጅ ማደያ ይልቅ ፈረሱን ለሚያበላው ገበሬ ቢደርስ ይሻላል፤ መውረዱ ቀላል፣ መውጣቱ ግን እውነቱን ይነግራችኋል፣ ስለዚህ ለመውጫው ፈረሱን ያዙ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ለማዘጋጀት ትልቅ ዝግጅት አትጠብቁ። የዕድራችሁን፣ የዕቁባችሁን ወይም የመሥሪያ ቤታችሁን ሰዎች አስቡ፤ አሥራ አንድ ሰው ካገኛችሁ አንድ ሚኒባስ ሞላ። ጢያን ለመጀመሪያ እመክራለሁ፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ለሽማግሌም ለልጅም ይመቻል። ኮንትራት ስትይዙ ከሹፌሩ ጋር መነሻውን፣ መቆያውንና መመለሻውን በግልጽ ተነጋገሩ፤ «በመንገድ እንተያያለን» የሚል ስምምነት አትቀበሉ። እሑድ ከሆነ ከቅዳሴ መልስ፣ ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ በማለዳ ውጡ። ረቡዕ ስም ተመዝግቦ ይለቅ፤ ሐሙስ አንድ ሰው ቀረ ማለት አይቀርምና ተጠባባቂ ሁለት ሰው ያዙ። ቆሎ ቆዪው፣ ቡና አፍዪው፣ ሒሳብ ያዢው ቀድሞ ይታወቅ። ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው ግን አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሰብሳቢ ያለበት ጉዞ ጢያ ሳይደርስ ዓለም ገና ላይ ሲጣላ አይተናል።